ወጥቷል ያልኩት ባትሪ

ኅዳር 3፣ ረቡዕ። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ባትሪው ወጥቷል። ከሞተር መጋዙ ራቅ ብሎ መስኮቱ ላይ ተቀምጧል። ጓንት አጥልቄያለሁ። የጎን ክዳኑን ብሎን ፈታሁ፤ በዘይት የተቦካ ሰጋቱራ ወጣ፣ አንድ እፍኝ ሙሉ። ዛሬ የተቆረጠው ባሕር ዛፍ እርጥብ ነበር፤ ሁሉን ያጣብቃል። በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጠረግሁ። ሰንሰለቱ የሚሮጥበትን ረጅም ብረት እኛ ምላስ ነው የምንለው። በምላሱ ጠርዝ ያለውን ቦይ በቀጭን ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ጎረጎርኩ። የዘይቱን ቀዳዳ እፍ አልኩበት። ምላሱን ገልብጬ መለስኩት፣ ሁልጊዜ በአንድ ወገን እንዳይበላ። ውሃ በፍጹም! መመሪያው እንደዚያ ይላል። ደረቅ ብሩሽ፣ ደረቅ ጨርቅ።

ባለቤቴ አስካለ ከበሩ ቆማ ታየኛለች። ሃያ ስምንት ዓመት አብረን ስንኖር እኔን እንዲህ ተንከባክበህ አታውቅም አለችኝ። እውነቷን ነው።

ማስታወሻዬ፣ ስለዚህ ዕቃ ነግሬህ አላውቅም። ክረምቱ ሲያበቃ አንድ ፕሮጀክት ለባሕር ዛፍ አልሚዎች ማኅበራችን የሰጠን ሞተር መጋዝ ነው። ቤንዚን አይፈልግም። ሁለት ባትሪ፣ አንድ ቻርጀር፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ መመሪያ። ቤቴ መሐል ሜዳ ከተማ ዳር ሆኖ መብራት ስላለው፣ ደግሞም ጡረታ እስክወጣ ድረስ የት/ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ስለጠበቅሁ፣ ጠባቂው እኔ ሆንኩ። አንድ ጠመኔ ጎድሎብኝ አያውቅም። ይኼን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ እኔም አስታውሳቸዋለሁ።

ቆራጩ አበልጄ ተሾመ ነው። ወንዱን ልጄን ክርስትና ያነሣልኝ። በመጥረቢያ የሚስተካከለው የለም፤ ዛፍ የት እንደሚወድቅ ጠጠር አስቀምጦ ያሳይሃል። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ አጸዳለሁ።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ። ጠዋት።

ሰንበት። መጋዙ አርፏል። እኔ ግን መዝገበ ቃላት ይዤ መመሪያውን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። የመጀመሪያው መስመር፦ ከመንካትህ በፊት ባትሪውን አውጣ። ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ተሾመ መጣ። ፊደል ብዙም አይገፋም፤ አነበብኩለት። አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። የሰንሰለቱን ውጥረት ለብቻው አሳየሁት፤ ከምላሱ ወደ ላይ ሳብ ስታደርገው ትንሽ ብቅ ብሎ ተመልሶ ልጥፍ ማለት አለበት። ላልቶ ከተንጠለጠለ ይወልቃል፣ ከጠበቀ ይበጠሳል። ወዲያው ገባው። የበሬ ጠፍር እንደማጥበቅ ነው አለ። ከመመሪያው የተሻለ አስረዳኝ።

የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጋሽ ደምሴም ጎራ ብለው ነበር። የሰንሰለት ዘይት ከደ/ብርሃን እስኪመጣ ለምን የበግ ሞራ አንቀባውም ይላሉ። በዚህ ብርድ ሞራ እንደ ሻማ ይረጋል፤ ቦዩን ይደፍናል፤ ሞተሩ ይቃጠላል ብዬ ተቃወምኩ። ትንሽ ጮህኩም። እሳቸውን በመርታቴ ቀኑን ሙሉ ደስ ሲለኝ ዋልኩ። ምን ያህል ትንሽ ሰው ነኝ!

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ። ጠዋት 2 ሰዓት።

ውርጭ። ሣሩ ነጭ ሆኖ ነጋ። ትናንት ማታ ባትሪው አራቱም መብራት በርቶ ነበር። ዛሬ ሦስት ዛፍ ቆርጦ ተኛ። ዘይቱም ወፍሮ ሰንሰለቱን ይጎትተዋል። ተሾመ ሳቀ። የቆላ ሰው ነው የሰጡን፣ ጋቢ አልብሰው አለኝ።

መመሪያውን ገለጥኩ። ባትሪው ብርድ አይወድም፤ ከመጋዙ ተነጥሎ ደረቅና ለብ ያለ ቦታ ይደር ይላል። ዕቃ ቤቱ ኮርኒስ የሌለው ቆርቆሮ ስለሆነ እንደ ውጭ ይበርዳል። ከዛሬ ጀምሮ ባትሪዎቹ ቤት ውስጥ ይገባሉ።

ኅዳር 12፣ ዓርብ። ሚካኤል።

ንግሥ። ከቅዳሴ በኋላ ጉድ ፈላ፦ ባትሪውን በበዓል ቀን ቻርጅ ላይ መሰካት ሥራ ነው ወይስ አይደለም? ግማሹ ሥራ ነው፣ ግማሹ መብራቱ ነው እንጂ አንተ አትሠራም አለ። ቄሱ አዳመጡ አዳመጡና ገበሬው ተኝቶ ገብሱ ሲያድግስ ማን ከለከለ ብለው ሄዱ። ሰካሁት።

ኅዳር 14፣ እሑድ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ነገ ጾም ይገባል። ነገ ደግሞ አጣና የሚጭነው አይሱዙ ከ4 ሰዓት በፊት ይመጣል። ጠዋት ላይ መጋዙ በብርድ ከተኛ ጉዳችን ነው።

አንድ ነገር መጣልኝ። ባትሪው ብቻ ለምን ይሞቃል? ዘይቱም ወፍሯል፣ ሰንሰለቱም ደርቋል። አስካለ የእናቷ ባና አላት፤ እዚሁ የተሸመነ፣ ወፍራም የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ። መጋዙን ከነባትሪው ጠቀለልኩትና ከምድጃው ራቅ አድርጌ በርጩማ ላይ አስቀመጥኩት። ጠዋት ገልጦ መሥራት ብቻ። አስካለ ባናዬን በዘይት ልታበላሽ ነው ብላ ተቆጣች። ለአንድ ቀን ነው አልኳት። ወረቀቱ ባትሪውን ለይ ይላል፤ አውቃለሁ። ግን ወረቀቱን የጻፈው ሰው መንዝ አድሮ አያውቅም።

ኅዳር 15፣ ሰኞ። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ተሾመ እጁን ተቆረጠ።

ገና 1 ሰዓት ነበር። አስካለ ወፍጮ ቤት ሄዳለች። ተሾመ መጥቶ ባናውን ገለጠ። የሰንሰለቱ ጥርሶች ሱፉን ነክሰው ይዘውታል፤ ክሩ ክዳኑ ሥር ገብቶ ተተብትቧል። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ብሩሽ ፍለጋ። በግራ እጁ የኋላውን እጀታ ጨብጦ በቀኙ ክሩን ሳበ። ሲታገል መዳፉ የእጀታውን መቆለፊያ፣ ጣቱ የማስነሻውን ምላጭ ተጫነ። ሰንሰለቱ ዞረ። ተሾመ ጮኸ።

በነጠላ ጠቀለልኩት። ነጠላው ቀላ። ባጃጅ፣ ሆስፒታል፣ ከዚያ ሪፈር ወደ ደ/ብርሃን። አምቡላንሱ ላይ ሚስቱ ብቻ ትሂድ ተባለ። ቆሜ ቀረሁ።

ሳያይ መንካቱ። ባትሪው መኖሩን ሳያይ። ስንት ጊዜ አንብቤለታለሁ።

ይብቃኝ።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ። ማለዳ።

በመጀመሪያው ሚኒባስ ልሄድ ነው።

ያው ቀን። ከቀኑ 11 ሰዓት።

ሄጄ ተመለስኩ። የቀኝ እጁ አመልካች ጣት ከላይኛው አንጓ ተቆርጧል። የመሐል ጣቱ ተሰፍቷል፤ ጅማቱ ተበጥሶ ስለነበር ላይታጠፍ ይችላል ብለዋል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ጭንቅላት አህሏል። አየኝና ፈገግ ለማለት ሞከረ። ብርቱካን ይዤለት ሄጄ ነበር። መላጥ አልቻለም። ልጬ አጎረስኩት።

ሐኪሙ እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። የራሴ ጥፋት ነው፣ ሳላይ ነካሁ አለ። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። ወለሉን አየሁ።

ኅዳር 20፣ ቅዳሜ።

ተሾመ ቤቱ ገብቷል። ሰው ይጠይቀዋል። እኔም ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ቤቱ ሰው ሞልቶ ነበር፤ ደስ አለኝ። ሰው ሲበዛ መናገር አያስፈልግማ።

መንገድ ላይ የማገኘው ሁሉ ያዝንልኛል። ለኔ! አንተ ስንት ደክመህ፣ ጽፈህ፣ ለጥፈህ፣ እሱ ቸኩሎ ዕቃውን አሰደበብህ ይሉኛል። ችኩሉ የሚል ስም አውጥተውለታል። ያንን ጠጠር አስቀምጦ ዛፍ የሚጥለውን ሰው። ምን ይደረግ አልኩ። እንዲህ ነው ያልኩት፦ ምን ይደረግ።

ኅዳር 22፣ ሰኞ። ጠዋት 3 ሰዓት።

መጋዙን ከዚያ ቀን ወዲህ ዛሬ ነካሁት። ባትሪው ሌላ ክፍል ነው። ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። ተመልሼ ደግሞ ባትሪው የሚገባበትን ባዶ ጎሬ በጣቴ ነካሁ።

ክዳኑን ከፈትኩ። ሰንሰለቱን በሚያዞረው ፒኞን ላይ ሱፉ ተጠምጥሟል፤ ጥቁርና ነጭ። በወረንጦ አንድ በአንድ ለቀምኩት። የደረቀ ደም ነበረበት። አንዱን ክር ስነቅል ሌላው ይመጣል። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በብሩሽ፣ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ፣ ከዚያ ዘይት። ሰንሰለቱን በሞረድ ጥርስ በጥርስ ሳልኩት። ንጹሕ ሆነ። አዲስ መሰለ። ያን ጊዜ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ አለቀስኩ።

ማስታወሻዬ፣ ያለፈው ሰኞ ዋሽቼሃለሁ። አንተን፣ ወረቀቱን እንኳ።

ተሾመ ሳይጠይቅ አልነካም። ክሩን አየና ከወዲያ ጠራኝ፤ አበልጄ፣ ባትሪው ወጥቷል ወይ አለ። እኔ ጓዳ ውስጥ ጎንበስ ብያለሁ። ወጥቷል! አልኩ። ጮክ ብዬ። ሁልጊዜ ማታ ማታ ስለማወጣው አፌ ለምዶት ነው። እሑድ ማታ ብቻ ነው ያላወጣሁት። ራሴ ጠቅልዬው፣ ራሴ ረስቼው። ወጥቷል አልኩ። እሱም እጁን ሰደደ።

ከኔና ከሱ በቀር የሰማ የለም። እሱ ደግሞ ያንን አይናገርም። በጩኸቱ መሐል ረስቶት ይሆናል እላለሁ። ቢረሳው እንዴት በወደድኩ። ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

ኅዳር 25፣ ሐሙስ። ከሰዓት።

ጋሽ ደምሴ መጡ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ይሰበሰባል። ፕሮጀክቱ ስለ አደጋው የጽሑፍ ሪፖርት ጠይቋል። የሚጽፈው ማን ነው? እኔ። ምን ተብሎ? በቆራጩ ጥንቃቄ ጉድለት። ተሾመም ከእንግዲህ መጋዝ እንዳይነካ ይወሰናል፤ አዲስ ቆራጭ ይመረጣል፤ አሠልጣኙ እርስዎ ይሆናሉ አሉኝ። ዱሮ አንተ ነበር የሚሉኝ። ክብሬ ጨምሯል።

ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እጁ ሲድን ቢመለስስ? ችኩል ሰው እጁ ቢድንም ችኩል ነው አሉ።

መጥረቢያው አብቅቶለታል። በዚያ እጅ መጥረቢያ አይጨበጥም። የቀረው ይኼ መጋዝ ነው፤ ክብደቱን ግራው ይሸከማል፣ ምላጩን ቀሪዎቹ ጣቶች ይስባሉ። ይኼንን እኔ አውቃለሁ፤ ዕቃውን ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም። እሑድ አባላቱ እጃቸውን ካወጡ ተሾመ ቆራጭ ተሾመ መሆኑ ይቀራል። ለዚያውም በኔ ጽሑፍ።

እስክሪብቶ አነሣሁ። “በቆራጩ” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቃል እጄ እምቢ አለ።

ለአስካለ ነገርኳት። ሽንኩርት እየላጠች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ግን አልጮኸችም። ለማን ነግረሃል አለችኝ። ለአንቺ ብቻ። ታዲያ ለኔ ምን ያደርግልኛል፣ ጣቱ የተቆረጠው የኔ ነው? አለች። ቢላዋዋን አነሣች።

ኅዳር 26፣ ዓርብ። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሄድኩ።

የተሾመ ገብስ በደቦ ይወቃል። በሬዎቹ አውድማው ላይ ይዞራሉ። እሱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ፋሻው ታጥቦ ነጥቷል። በሬ በድምፁ ብቻ ይነዳል። ከጎኑ ተቀመጥኩ። ስለ ገብሱ አወራን። ስለ ውርጩ። ከዚያ ፊቱን ሳላይ ተናገርኩ። ባትሪውን እኔ ነኝ የተውኩት። ወጥቷል ያልኩህም እኔ ነኝ።

በሬዎቹ ሁለቴ ዞሩ። ከዚያ የተናገረውን እንዳለ እጽፈዋለሁ፤ አንድ ፊደል አልጨምርም።

“አይቼዋለሁ እኮ። ቀዩ ጀርባው ከባናው ሥር ብቅ ብሎ አይቼዋለሁ። አንተ ወጥቷል ስትል ዓይኔን ተጠራጠርኩ እንጂ አንተን አልተጠራጠርኩም።”

ልቤ ወለቀ። ታዲያ ለምን የራሴ ጥፋት ነው ትላለህ አልኩት። ለሰው ምን ልበል ኖሯል፣ አበልጄ ዋሸኝ ልበል? አለ። ድምፁ ከፍ አለ፤ ከአውድማው ሰው ዞር ብሎ አየን። ዝቅ አደረገው። ስሕተቱን አልቆጠርኩብህም አለ። ማንም ይስታል። ግን ሆስፒታል ብርቱካን ስታጎርሰኝ ይናገራል አልኩ። ቤት ስገባ ይናገራል አልኩ። አሥራ አንድ ቀን ጠበቅሁህ።

ይቅር በለኝ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበልህ አለ፤ ስለ ራሱ ምንም አላለም። ተነሥቼ ስሄድ ግን ስሜን ጠራኝ። እሑድ ስትሄድ በዚህ በኩል እለፍ አለ።

መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት ስለ ዓይኑ ነው። የሰው ዓይን ያየውን በቃሌ አጠፋሁት። እንዲህ ያለ ሥልጣን እንዳለኝ አላውቅም ነበር። ለሃያ ምናምን ዓመት አንድ ጠመኔ ያልጎደለበት ሰው ስለሆንኩ ነው። ያ ስም ነው የቆረጠው።

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ግማሽ ገጽ። “በቆራጩ” የሚለውን ሰርዤ “በጠባቂው” አልኩ። ስሜን ከታች ሙሉውን፣ እስከ አያቴ።

ግድግዳው ላይ ያለውን ወረቀትም አወረድኩት። ሌላ ጻፍኩ። የድሮው ባትሪውን አውጣ ነበር የሚለው። አዲሱ እንዲህ ይላል፦ ባትሪውን ራስህ አውጣ። ጎሬውን በጣትህ ነክተህ ባዶ መሆኑን እይ። ወጥቷል ያለህን ሰው አትመን፤ ጠባቂውንም ቢሆን። ፊደል ለማይገፉት ደግሞ ባዶ ጎሬና አንድ ጣት ሳልኩበት። ሥዕሌ አያምርም። ጣቱ ካሮት ይመስላል። ይሁን።

አስካለ አየችው። ሚስማር አቀበለችኝ።

ኅዳር 28፣ እሑድ። ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል።

ከቅዳሴ መልስ። ስብሰባው 4 ሰዓት ነው። ቁርስ አልቀመስኩም፤ ጾሙን አላሳብብም፣ ፍርሃት ነው። ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልወድም፤ ግምጃ ቤት ውስጥ ከዕቃ ጋር ያረጀሁትም ለዚህ ነው። ጋሽ ደምሴ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ጠባቂነቱን ይወስዱታል፤ ይውሰዱት። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ኪሴ ነው፤ ሳይጠይቁኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፦ እጁ ሲድን መጋዙን ለተሾመ መልሱለት። ባትሪውን አይቶ ነበር እላቸዋለሁ። ከሁላችንም አይቶ የነበረው እሱ ነው።

በሱ በኩል ላልፍ ጫማዬን እያሰርኩ ሳለ እሱ ቀድሞኝ መጣ። እዚህ በሩ ላይ ቆሟል፤ እጁን በነጠላው ሸፍኖታል። አስካለ ግባ ትለዋለች፣ አልገባም ይላል።

ሪፖርቱን ይዤያለሁ፤ ግን አላነበውም። ወረቀት ካነበብኩ ወረቀቱ ውስጥ እደበቃለሁ። የጎዳሁት በአፌ ነው፤ በአፌ እናገራለሁ።

ይጠራኛል። መጣሁ አበልጄ፣ መጣሁ።